ምንጭ ጎድሎታል

ሌሊት ነው፤ ጌንት ናት፤ ዝናቡ አልቆመም፤
ከእንግዳ መቀበያው ከእኔ በቀር የለም።
ቁልፎች ተሰቅለዋል በየቁጥራቸው፤
እንግዶች ተኝተዋል በየክፍላቸው።
የቦዩ ውኃ ውጭ ድልድይ ሥር ይሄዳል፤
የሆቴሉ ኮምፒውተር ፊቴ ላይ ይነድዳል።

ያኔ ነው የጀመርኩ፣ ያለ አንድ መካሪ፣
ሰው ሁሉ በሚጽፈው መዝገበ ዕውቀት ላይ፣
በተበደርኩት ሆላንድኛ፣
ስለ አባቴ ስለ ዘርጋው፣ ስለ ድልድይ ሠሪ።
«አቻ የለሽ ግንበኛ፣ ጥበቡ የረቀቀ፣
ድንጋይ በመዳፉ እንደ ጨው ያደቀቀ፣
ቸር፣ ደፋር፣ ቀጥ ያለ፣ የሀገር ባለውለታ…»
ስምንት ቅጽል ደረደርኩ ባንድ ሌሊት ተርታ።

ሲነጋ የለም።
እንደ ጤዛ አልልም፤ ጤዛ ዝም ብሎ ይረግፋል፤
ይህስ «ተሰርዟል» የሚል ቃል አትርፏል።
ከሥሩ ባንድ መስመር፦ «ምንጭ ጎድሎታል።»
ፈራሚዋ ጎደሊቨ።
ስሟን በኔ ፊደል ደጋግሜ ባየው
«ጎደለ» ነው የሚል፤ ምን ጎደለ ልበለው?

ምንጭ?
ምንጩንማ አውቃለሁ! ከድልድዩ ማዶ፣ ከቋጥኙ ሥር ነው፤
አባቴ በባርኔጣው ቀድቶ ያጠጣኝ ነው።
ጥም የሚያስረሳ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ፣
ቅጠል የሚንሳፈፍበት፣ አልቅት የማይዝ።
ይህን በየትኛው ቅጽ፣ ከየትኛው ገጽ ልጥቀስ?

መለስኩት ጽሑፌን። ሰረዘች። መለስኩ።
ሰረዘች። ሦስተኛው ላይ እጄን ሰበሰብኩ፤
ከዚያ ያለፈ ይታገዳል አሉኝ።
ወደ ውይይቱ ገጽ ገባሁ፣ እንደ ችሎት፣
በሐሳቤ ከዘራ ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፤
«ተጠየቂ!» ልላት ፈልጌ
ሆላንድኛው ቃል አጣልኝ።
«ልጅ ላባቱ ካልመሰከረ ማን ይመስክር?» ብቻ አልኩ።

በማግሥቱ መልሷ፦
«በቅን ልብ እንደጻፍክ አልጠራጠርም።
ልጅ ግን ላባቱ አይመሰክርም።
ደግሞም ስምህን ፈርም።»
አራት የሞገድ ምልክት ስትጽፍ፣ አለችኝ፣
ስምህ ከውኃው ራሱ ይወጣል።

ሐሙስ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አላቸው።
ሄድኩ፤ አየኋት፤ ጥላቻዬ አፈረ።
ሠላሳ ዓመት ትራም ላይ ትኬት ስትቆጣጠር የኖረች፣
ጡረታም ወጥታ ያልተወች፤
ዐረፍተ ነገር ሁሉ ሲሳፈር
«ትኬት?» ትለዋለች።
እኔ ሰምና ወርቅ ያሳደገኝ ሰው፣
ወርቁን እዚያው ተወው፣ ሰሙን ብቻ አምጣው!

«ደፋር»ን አወጣሁ። «ቸር»ን አወጣሁ።
«የረቀቀ» ላይ ስደርስ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።
የመጨረሻው ቃል «አባቴ» ነበረ፤
ሲወጣ አንዳች ድምፅ አላሰማም፤
ገጹ ብቻ ቀለለ።

መጋቢት ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣
አቧራ የጠገበ የመንገድ ሥራ ዘገባ፣
ገጽ ሠላሳ ሰባት፦
«የገላጎ ድልድይ። ቅስት፦ ሦስት።
ግንበኛ፦ አሥራ አራት።»
ስም የለም።
ገልብጬ አየሁ፤ ከጀርባው የሲሚንቶ ሒሳብ ነው።

ጻፍኩ፦ «ድልድዩን አሥራ አራት ግንበኞች ሠሩት።»
ከአራት ነጥቡ ትከሻ ላይ ትንሽ ቁጥር ሰቀልኩ፤ ትኬቱ ናት።
ሰሙ ይኸው፣ ደረቅ፤ ወርቁን እኔ ነኝ የማውቀው፤
ካሥራ አራቱ ያንዱ መዳፍ ጠባሳ አለው፤
ያን ማንም አይጠቅሰው።

ጎደሊቨ አልሰረዘችም።
«አመሰግናለሁ» የምትለውን ቁልፍ ተጭናለች፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
እሷም አትተኛም ማለት ነው።

ትናንት ደግሞ አንድ ስም የለሽ ሰው ገብቶ
ነጠላ ሰረዜን ከቦታዋ አነሣት።
ብድግ አልኩ! ጣቴ «መልስ» ላይ ነበር፤
የክፍል ዘጠኝ እንግዳ ደወለ፣ ጃንጥላ ፈለገ፤
ሰጥቼው ስመለስ ደግሜ አነበብኩት።
እሱ ነው ልክ።
ገጹስ መቼ የኔ ሆነና።

ግን ማነው፣ በዚህ ሌሊት፣
ለአንዲት ጠባብ ወንዝ ድልድይ እንቅልፉን ያጣ?
ከቀሩት አሥራ ሦስት
የየትኛው ልጅ መጣ?